የእንግሊዝኛን ረቂቅ ስሞች ስለ ማጥናት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

በዛሬው በዓል ከተማሪዎች ወገን ስለ ትምህርት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ታዘዝሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የመረጥሁት አሳብ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ከፍ ያሉትን የእንግሊዝኛ ስሞች ከነትርጕማቸው እንዴት ማጥናት ይገባናል የሚል ነው። ነገር ግን በዚህ ትንሽ በሚመስል ነገር ብዙ ጓደኞቻችን ከመንገድ ስለ ቀሩ ጥቂት ጊዜ እንድታዳምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የሰዋስው መምህሮቻችን ስምን በየወገኑ ከፍለው አስተምረውናል። ቢቸናና ሞጣ የተጸውዖ ስም ናቸው። ከተማ፥ ወንዝ፥ በሬ የወል ስም ናቸው። መንጋና ጉባኤ የጥቅል ስም ናቸው። ደግነት፥ ነጻነት፥ ፍርድ ግን የረቂቅ ስም ናቸው፤ በልብ ይታወቃሉ እንጂ በእጅ አይዳሰሱም። እኔ ፊደል የቈጠርሁትና እንግሊዝኛን የጀመርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን በዚያ የመጀመሪያው ትምህርት በሥዕል ነበረ። የላም ሥዕል ታይቶ «ካው»፥ የቤት ሥዕል ታይቶ «ሀውስ» እንባባል ነበር። ይህ ለሕፃን እጅግ መልካም መንገድ ነው። ዳሩ ግን «ጀስቲስ» የሚባለውን ነገር ማን በሥዕል ያሳየናል? «ሪስፖንሲቢሊቲ»ስ ቀለሙ ምንድር ነው? ተማሪ የሚወድቀው ሥዕል በሚያልቅበት በዚህ ስፍራ ነው።

እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ይህን ስፍራ እንዴት እንዳገኘ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ ከውጭ ቋንቋዎች ዋናው ፈረንሳይኛ ነበረ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ስለዚህ የገበሬው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ታሪኩም፥ መልክዐ ምድሩም፥ ሥነ ሕይወቱም፥ ሒሳቡም በአንድ ቀን ቋንቋ ለውጠው ይጠብቁታል። በየገጹ የሚያገኛቸው አዳዲስ ቃላት አብዛኛዎቹ ደግሞ የረቂቅ ስሞች ናቸው።

የመጨረሻውም ፈተና የሚመጣው በዚሁ ቋንቋ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ አላሳብብም። ነገር ግን ጥያቄውን ሳያነብ የሚመልስ፥ ቃሉን ሳያውቅ ጥያቄውን የሚረዳ ተማሪ አይገኝም። መልሱን እያወቀ የጥያቄው አንድ ስም ስለ ጠፋበት ብቻ የተሳሳተውን ፊደል ያጠቈረ ስንት ይሆን?

አሁን ወደ አጠናናችን ልምጣ። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ የሚያጠኑት በግራ በኩል እንግሊዝኛውን፥ በቀኝ በኩል አንድ የአማርኛ ቃል ጽፈው እንደ በቀቀን እየደጋገሙ ነው። ይህ አጠናን ለጊዜው የሞላ ይመስላል፤ ነገር ግን የተቀዳው በወንፊት ነው። «ኢንተረስት» ማለት ፍላጎት ነው ብሎ የያዘ ተማሪ በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ቃል ሲያገኝ «የባንኩ ፍላጎት በዓመት 7 ከመቶ ነው» ብሎ ይተረጕማል። ባንኩ ግን የሚናገረው ስለ ወለድ ነበር። ጥፋቱ የተማሪው ስንፍና አይደለም፤ ቃሉን ብቻውን፥ ያለ ዘመዶቹና ያለ አገሩ ስለ ያዘው ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የሌላ ቋንቋ ስሞችን ከነትርጕማቸው ማጥናት ለዚህ አገር አዲስ ነገር ነውን? ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው በደብረ ወርቅ ያልፋል። ዲማ ጊዮርጊስም ከዚህ ሩቅ አይደለም። በእነዚህ ደብሮች ደበሎ የለበሰና አኵፋዳ ያነገተ ተማሪ በቤቱ የማይናገረውን ግእዝን ተምሮ በዚያው ቋንቋ ቅኔ እስከ መቀኘት ይደርስ ነበር። በእጁ መዝገበ ቃላት አልነበረውም፤ ወረቀቱም ጥቂት ነበረ። የነበረው ሥርዓት ያለው አጠናን ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ትምህርታቸውን የጀመሩት በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። ቀጥሎም በአዲስ አበባ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በኋላ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር እስከ መሆን ደረሱ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዲማን በመላው አገር ያሳወቀ መጽሐፋቸው ነው። የቅኔ ቤት ትምህርት ለውጭ ቋንቋ እንቅፋት እንዳልሆነ ከእርሳቸው የበለጠ ምስክር አያስፈልገንም። ስለዚህ ከቅኔ ቤት አራት ነገር ተውሰን ለእንግሊዝኛችን እናድርገው እላለሁ።

የመጀመሪያው ግስ ማርባት ነው። የቅኔ ተማሪ ቃልን ነጥሎ አይዝም። «ቀደሰ ብሂል አመሰገነ» ብሎ ከጀመረ በኋላ ልጆቹን ሁሉ ይጠራል፤ ቅዱስ፥ ቅዳሴ፥ ቅድስና፥ ቀዳሲ፥ መቅደስ ይላል። አንዱን ሥር የያዘ አምስት ስም ያዘ ማለት ነው። በእንግሊዝኛም እንዲሁ «ፕሮዲውስ» አመረተ ብለን ከጀመርን «ፕሮዲውሰር» አምራች፥ «ፕሮዳክት» የተመረተው ነገር፥ «ፕሮዳክሽን» ማምረት ወይም የምርቱ ብዛት፥ «ፕሮዳክቲቪቲ» ምርታማነት እያልን እንወርዳለን። የልጆቹም መልክ እንዳይምታታብን በምሳሌ እንለያቸው። አንድ የእነማይ ገበሬ ከ4 ጥማድ መሬት 16 ኩንታል ጤፍ ቢያገኝ፥ ጎረቤቱም ከ2 ጥማድ 10 ኩንታል ቢያገኝ፥ በ«ፕሮዳክሽን» የበለጠው የመጀመሪያው ነው። በ«ፕሮዳክቲቪቲ» ግን ጎረቤቱ ይበልጠዋል፤ ያኛው ከአንድ ጥማድ 4፥ ይኸኛው 5 ኩንታል አግኝቷልና። ይህን በአውድማ ላይ የተረዳ ተማሪ በጂኦግራፊም በኢኮኖሚክስም ፈተና አይሳሳተውም።

ሥርን መፈለግ ሌላም ደስታ አለው። «ኢሮዥን» የአፈር መሸርሸር ነው። ቃሉ የመጣው መጋጥ ከሚል የላቲን ግስ ሲሆን አይጥንና ዘመዶቿን «ሮደንት» ያሰኘውም ይኸው ግስ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጮቄ ተራራ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ማሳችንን የሚያደርገው ይህንኑ አይደለምን? አይጥ የጤፍ ጎተራን እንደምትግጥ ውሃው አፈሩን ይግጠዋል። እንዲህ ሆኖ የገባ ቃል ከልብ አይወጣም።

ሁለተኛው ባዕድ መድረሻውን መመርመር ነው። አማርኛ ደግ ካለው ደግነት፥ ልጅ ካለው ልጅነት፥ ወዳጅ ካለው ወዳጅነት፥ ነጻ ካለው ነጻነት ያወጣል። ለሁሉም አንድ «ነት» ይበቃዋል። እንግሊዝኛ ግን ለእነዚህ ለአራቱ አራት ልዩ ልዩ መድረሻ አለው፤ «ካይንድነስ»፥ «ቻይልድሁድ»፥ «ፍሬንድሺፕ»፥ «ፍሪደም» ይላል። እነዚህ የእንግሊዝ ሕዝብ የጥንት መድረሻዎች ናቸው። ከኖርማኖች ድል በኋላ፥ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1066 በኋላ፥ ፈረንሳይኛ የመንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ስለ ሆነ ሌሎች መድረሻዎች ከላቲን ሥር በፈረንሳይኛ በኩል ገቡ። በ«ሽን»፥ በ«መንት»፥ በ«ኢቲ» የሚያልቁት «ኤጁኬሽን»፥ «ገቨርንመንት»፥ «ኢኳሊቲ» ከዚህ ወገን ናቸው። እንግሊዝኛ ለነጻነት «ፍሪደም»ም «ሊበርቲ»ም ብሎ ሁለት ስም ያለው ስለዚህ ነው፤ አንዱ ከቤት የተወለደ፥ ሁለተኛው ከውጭ የገባ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አማርኛም ከፍ ያለ ቃል ሲፈልግ ወደ ግእዝ ይሄዳልና። በዘወትር ንግግር ሰው እንላለን፤ ረቂቁን ስም ስንሻ ግን ሰብአዊነት እንላለን። ሰውነት ብንል ሰሚው ገላ ይመስለዋል። ቀን እንላለን፤ ጋዜጣውን ግን ዕለታዊ እንለዋለን። እንግሊዝኛም እንዲሁ ፀሐይን «ሰን» ብሎ ከፀሐይ የሚገኘውን ነገር «ሶላር» የሚለው ከላቲን ተውሶ ነው። ግእዝን ጥቂት የቀመሰ ተማሪ ይህን ጠባይ ቶሎ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ሰምና ወርቅ ነው። የቅኔ መምህር አንድ ቃል ሁለት ምስጢር እንዲሸከም ያደርጋል፤ ተማሪውም ከሰሙ ሥር ወርቁን ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ ከፍ ያሉ ስሞችም እንደ ትምህርቱ ዓይነት ወርቃቸውን ይለዋውጣሉ። «ሰስፔንሽን» የሚለውን እንመልከት። ሥሩ ማንጠልጠል ማለት ነው። ከሞጣ በኩል በዐባይ ላይ፥ በጣልያን ወረራ ዘመን ወገቡ የተቈረጠውን የጥንቱን ሰባራ ድልድይ ሁላችንም በስም እናውቀዋለን። እንደዚያ በድንጋይ ቅስት የተሠራ ሳይሆን በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ የሚያሻግር ድልድይ በዚህ ስም ይጠራል። በኬሚስትሪ ግን ይኸው ስም በውሃ ውስጥ ሳይሟሟ የተንጠለጠለ ደቃቅ ነገር ያለበትን ድፍርስ ያሳያል፤ በክረምት ደፍርሶ የሚወርደው ዐባይ ራሱ ምሳሌ ነው። በትምህርት ቤት ደንብ ደግሞ ተማሪ ጥፋት አድርጎ ለጥቂት ጊዜ ከትምህርት መታገዱን ያመለክታል፤ ያ ተማሪም አልተባረረ፥ አልገባም፤ ተንጠልጥሎ ቈይቷል። ሦስቱን በሦስት መስመር ለየብቻ ያጠና ሰው ደክሞ ይረሳቸዋል። መንጠልጠልን የያዘ ግን ሦስቱንም ያዘ።

ሁለተኛ ምሳሌ «ሪዚስታንስ» ይሁን፤ መቋቋም ማለት ነው። በታሪክ መጽሐፍ ይህ ቃል የአርበኞችን ተጋድሎ ይጠራል። በላይ ዘለቀ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዚህ በቢቸና አገር ከጠላት ጋር ያደረገው «ሪዚስታንስ» ነው። በፊዚክስ ሽቦ የኤሌክትሪክን መንገድ የሚቃወምበት ጠባይ ሲሆን መለኪያው ኦም ይባላል። በሕክምና ግን ተሕዋስያን መድኃኒቱን ሲቋቋሙት ያሳያል። ሐኪም ያዘዘውን የአንቲባዮቲክ መድኃኒት ትንሽ ሻል ሲለን በግማሽ ብናቋርጠው፥ ወይም ለእኛ ያልታዘዘውን ከጎረቤት ተውሰን ብንውጠው፥ ብርቱዎቹ ተሕዋስያን ተርፈው ይራባሉ፤ በሚቀጥለውም ጊዜ መድኃኒቱ አይደፍራቸውም። አባቶቼና እናቶቼ፤ በዚህ አንድ ስም ትርጕም ላይ የሰው ሕይወት እንደ ተንጠለጠለ ልብ በሉልኝ።

በዚሁ ላይ የሳይንስ ስሞች ከገበያው ትርጕማቸው እንደሚጠብቡ ማወቅ አለብን። አንድ ሰው ኩንታል ጤፍ በትከሻው ተሸክሞ ግማሽ ሰዓት ቢቆም ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ሥራ አልሠራም ብንለው ይጣላናል። የፊዚክስ መምህራችን ግን በጤፉ ላይ «ወርክ» አልተሠራም ይላሉ፤ በዚህ ትምህርት «ወርክ» የሚባለው ጕልበት ዕቃውን ከስፍራው ሲያንቀሳቅስ ነውና። ሰውየው ጆንያውን አንሥቶ መኪና ላይ ሲጭነው ያን ጊዜ ተሠራ። እንዲሁም «ማስ»ና «ዌይት» በገበያ ሁለቱም ክብደት ናቸው። ያንኑ ኩንታል ወደ ጨረቃ ብናወጣው «ማስ» የተባለው 100 ኪሎ ሳይለወጥ ይኖራል፤ «ዌይት» የተባለው ግን ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ቃል የተረጐመ ተማሪ ሒሳቡን ሳይጀምር ተሳስቷል።

አራተኛው በሰው ፊት መናገር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይናገራል፤ ካልሆነለትም ይታረማል። እኛ ግን በዝምታ አጥንተን በዝምታ እንፈተናለን። ስለዚህ ያጠናነውን ስም እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው በአማርኛ እናስረዳ። «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን የግሪክ ቃል የአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት «ብርሃን አስተጻምሮ» ብለውታል። ስሙ መልካም ነው፤ ብርሃንም ማጣመርም በውስጡ አሉ። ነገር ግን ይህንንም ስም ብቻ በቃል መያዝ ሌላ በቀቀንነት ነው። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ውሃንና ከአየር የሚገኘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጣምሮ ምግቡን እንደሚሠራ፥ ኦክስጅንንም እንደሚያወጣ ለእናቱ በጓሮ ተክላቸው አጠገብ ቆሞ ሊነግር የቻለ ተማሪ ቃሉን አወቀው እንላለን።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሁሉን በአማርኛ መማር ካማረ እንግሊዝኛው ለምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ አዋቂዎችም ሲከራከሩበት ኖረዋል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ዛሬ የዓለም ሊቃውንት ከሚጽፉት ብዙው የሚገኘው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ በሩን ዘግተን አንጠቀምም። የተማርነውንም ወደ አማርኛ ካልመለስነው ዕውቀታችን ከእኛ ጋር ይቀራል እንጂ ወደ ማሳውም ወደ ጤና ጣቢያውም አይደርስም። ድልድይ በሁለቱም ዳር መሠረት ካልኖረው አያሻግርም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጥቂት ረቂቅ ስሞችን ለቃቅሞ በገበሬ ፊት የሚደረድር፥ አባቱ ያልገባቸው እንደ ሆነ የሚስቅ ተማሪ አለ። ይህ ዕውቀት አይባልም። በአማርኛችን ያለ ቦታው የእንግሊዝኛ ስም እየሰነቀርን መናገርም ቋንቋ ማወቅን አያሳይም፤ ሁለቱንም አለማወቅን ያሳያል። የደረሰ ቅኔ አዋቂ ምስጢሩን ለጠየቀው ሰው አቅልሎ ይፈታል።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልጨምር። ሚሲዮናዊው ኢዘንበርግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በለንደን ያሳተመው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ነው። አምሳሉ አክሊሉም ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት በ1973 እዚያው አቈጣጠር ወጣ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያገኘ ተማሪ የመጀመሪያውን ትርጕም ብቻ ቀድቶ አይዝጋው፤ እስከ መጨረሻው ያንብበው። ያላገኘም ተስፋ አይቍረጥ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ከተነሣው ግጭት የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ተማሪዎችም ያለ መምህር ከርመዋል። እኔ የተናገርሁት አጠናን አንድ ደብተርና አንድ ጓደኛ ከተገኘ በዛፍ ጥላ ሥርም ይሆናል። በቀን 5 ስም ከነሥሩ፥ በሳምንት 5 ቀን ብናጠና 25 ይሆናል፤ በ40 ሳምንት 1000፥ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ደግሞ 4000 ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በከንቱ አይደለም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ እንግሊዝኛ አናውቅም ብላችሁ ከልጆቻችሁ ትምህርት አትራቁ። ማታ በምድጃ ዙሪያ «ዛሬ የተማርኸው፥ ዛሬ የተማርሽው ነገር ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። መልሳችን ካልገባችሁ እኛም ገና አልገባንምና ወደ ደብተራችን መልሱን። የተከበራችሁ መምህራን፤ አዲስ ስም ስትሰጡን ሥሩንና ዘመዶቹን ጨምራችሁ ስጡን፤ ስንናገርም ስሕተታችንን በትዕግሥት አርሙልን። እናንተም የ9ኛ ክፍል ታናናሾቻችን፤ የማታውቁትን ቃል «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርምና ጠይቁ። የቢቸና ተማሪ ለሞጣው፥ የሞጣው ለቢቸናው በየወሩ ያጠናውን የቃላት ዝርዝር በደብዳቤ ቢለዋወጥ ለሁለቱም ትርፍ ነው፤ ከእንግዶቻችን ጋር ዛሬውኑ ብንጀምረው ደስ ይለኛል።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ዓመት ኑሮ ብዙ ልጆችን ያፍራ።